የአዴ ጠጅቱ ቮልስና ሦስቱ መካኒኮች

ጠጅቱ ከሱሉልታ ስትነሳ ቅቤው ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቮልስ እንዲህ ናት፤ ዕቃዋን ከፊት አስቀምጣ ሙቀቷን ከኋላዋ ታስከትላለች። በሚኒባስ የተጫነ ቅቤ አዲሱ ገበያ እስኪደርስ ይላላል፤ የጠጅቱ ቅቤ ግን በቅጠል እንደተጠቀለለ፣ ገና አሁን ከመናጫው እንደወጣ ሆኖ ይደርሳል። ደንበኞቿ እሷን ሳያዩ ከሌላ አይገዙም። ባሏ ሚልኬሳ ካረፈ ወዲህ ቤቷ የቆመው በዚህች አሮጌ መኪና ነው።

ቮልሷ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ አመል አምጥታለች። ሞተሩ ሞቆ መኪናዋ ቆም ስትል፣ ከመሪው ፊት አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች። መብራቷ የምትበራው ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ በጉልበት መዞሩን ሲተው ነው። ቀለሟ አረንጓዴ ነው። ቮልስን የሠሩት ሰዎች ለክፉ ነገር አረንጓዴ ለምን እንደመረጡ ጠጅቱ አታውቅም። የተሳፈረ ሁሉ ያያትና ደስ ይለዋል። "ይኸው አረንጓዴ፤ ሰላም ነው" ይላታል። ጠጅቱ ብቻ ትፈራለች።

ትርጉሟን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢኖር ገርባ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የሰበታ ነዋሪ። በወንድሙ ዘመን ከጎን ተቀምጦ ብዙ ተጉዟል። ለፋሲካ ሱሉልታ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መብራቷ በራች። ገርባ ጣቱን ቀሰረ።

"በራች።"

"አይቻለሁ።"

"ሞተሩ አለቀ ማለት ነው። እንግዲህ ለእኔ ስጪኝና አሳርፊያት። አንቺም በዚህ ዕድሜሽ መሪ ይብቃሽ።"

"አንተ የምታንሰኝ በአንድ ክረምት ነው፣ ዋርሳዬ።"

ገርባ በዚህ አልተመለሰም። ነገሩን ኦቦ ያደታ ዘንድ አደረሰው። ኦቦ ያደታ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ፊት የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። ገርባ መኪናዋ የወንድሙ ማስታወሻ መሆኗን፣ ሞተሩ መድከሙን፣ የሟች ሚስት አንድ ቀን ዳገት ላይ ቆማ እንደምትቀር በረጅሙ አስረዳ። ኦቦ ያደታ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና በመስኮቱ አጎንብሰው መብራቷን አዩ።

"ይህቺ ናት?"

"ይህቺ ናት፣ ኦቦ።"

"አረንጓዴ አይደለች እንዴ?"

"አረንጓዴ ናት።"

"ታዲያ ምን አጣላችሁ?"

አስረዷቸው። ብዙ አሰቡና ፈረዱ። ገርባ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንዳንድ መካኒክ ይምረጥ። ሦስቱም በአንድ ቃል "ይህ ሞተር አብቅቶለታል" ካሉ ጠጅቱ ቁልፉን ለገርባ ታስረክባለች። አንዱ እንኳ ከቃሉ ከወጣ ገርባ የቮልሷን ስም ዳግመኛ እንዳያነሳ።

ገርባ ፊቱ በራ። መራጩ እሱ ነው፤ መብራቷም እንደሆነ ትታያለች። ጠጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ "እንዳሉት ይሁን፣ ኦቦ" አለች። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቷ ገርባን ትንሽ ቆረቆረው፤ ግን ተወው።

መተው አልነበረበትም። ጠጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ጋር ጋራዥ ለጋራዥ ስትዞር ያየችው ነገር አለ። በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም መካኒክ ኮፈን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው "ማን ነው የነካት?" ብሎ ነው። የነካው ማንም ይሁን ማን፣ ያ ሰው ምንም የማያውቅ ይሆናል። አንድ መካኒክ ሌላውን "ልክ ብሏል" ሲለው ጠጅቱ በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም። ሦስት መካኒክ በአንድ ቃል ከሚስማማ ሦስት ድመት በአንድ ዓሣ ላይ ቢስማማ ይቀላል ብላ አሰበች።

በማግስቱ ጠዋት ገርባን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ሰበታ ነዳች።

የሰበታው ዛኪር ጋራዡ አስፋልቱ ዳር ነው፤ የገርባ ጎረቤት ነው። ገርባ ቀድሞ ደውሎለት እንደነበር ጠጅቱ ወዲያው ገባት፤ ዛኪር ምን ሆነች ብሎ አልጠየቀም።

"ማን ነው የነካት?" አለ ኮፈኑን እያነሳ።

"ማንም። አንተ የመጀመሪያው ነህ ልጄ።"

ዛኪር ቅር አለው። የሚያማው ሰው አጣ። ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ፤ አረንጓዴዋ በራች። ረጅም ካቻቢቴ አመጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ገርባም አብሮ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሰማኛል" አለ ዛኪር። "ብሮንዚኑ ተበልቷል።"

"ብሮንዚን ምኗ ነው?"

"የሚሽከረከረው ብረት የሚተኛበት ስስ ምንጣፍ በሉት፣ እማማ። እሱ ሲሳሳ ዘይቱ በክፍተቱ ያመልጣል፤ ግፊት አይኖርም። ሞተሩ አብቅቶለታል።"

ገርባ ዓይኑን ገለጠ። "ሰማሽ አይደል?"

"ሰማሁ። እንዳልረሳው እስቲ ድገምልኝ ልጄ።"

ዛኪር ደገመላት።

"ይህን ሁሉ በካቻቢቴ ብቻ አወቅኸው? የዘይት ግፊት የሚለካ ጌጅ የሚባል ነገር አለ ይላሉ።"

"ጌጅ የሚያስፈልገው ለማይሰማ ሰው ነው" አለ ዛኪር ጆሮውን እየነካ።

ጠጅቱ አመሰገነችው። የመጨረሻዋን ቃል እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ይዛ ወደ ቡራዩ ሄደች።

የቡራዩው ወንዲ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ጋራዥ የከፈተ ጎረምሳ ነው። ገርባ የመረጠው ልጅ ስለሆነ ትልቅ ሰው ያለውን ይደግማል ብሎ ነው። ወንዲ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ፈገግ አለ።

"ማዘር፣ ማን ነው የነካት?"

"አንድ ሰው አዳምጧታል እንጂ አልነካትም።"

ወንዲ ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረደ። በውስጡ በለስላሳ ጨርቅ የተጠቀለለ ጌጅ ነበር፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ። ለመብራቷ ወሬ የምታቀብለውን ትንሽ ብሎን ፈትቶ በቦታዋ የጌጁን ቱቦ አሰረ። ሞተሩን አስነሳ። መርፌው ትንሽ ወጣ አለና ሞተሩ ሲሞቅ ተመልሶ ወረደ። ወንዲ አፏጨ።

"ማዘር፣ ግፊት የሚባል ነገርማ የለም። ሞተሩ..."

ገርባ አንገቱን አሰገገ።

"ዛኪርም ልክ እንዳንተ ነው ያለው" አለች ጠጅቱ በለሆሳስ።

ወንዲ ቃሉን ዋጠ። "ዛኪር ማነው?"

"የሰበታው። የሚገርም ሰው ነው፣ ልጄ። ያለ ጌጅ ነው ያወቀው።"

"ያለ ጌጅ?"

"በካቻቢቴ። ጆሮው ላይ አድርጎ። ጌጅ የሚያስፈልገው ለማይሰማ ሰው ነው አለን። አይደለም እንዴ፣ ገርባ?"

ገርባ ቃሉ እውነት ስለሆነ መካድ አልቻለም። ወንዲ ጌጁን አየ፣ ጠጅቱን አየ፣ እንደገና ጌጁን አየ። ጆሮው ቀላ።

"በካቻቢቴ የዘይት ግፊት ለካ? ምንድን ነው አለ?"

"ብሮንዚን።"

"ብሮንዚን ቢሆን ትንኳኳ ነበር። የምትንኳኳ ትመስላለች? ፖምፓው ነው፣ ማዘር። ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ደክሟል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ለዛ ሰውዬ ይንገሩልኝ።"

"እነግርልሃለሁ።"

"አሁን 'ሞተሩ' ልትል ጀምረህ አልነበር?" አለ ገርባ።

"ምን ልል እንደነበር እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፣ ፋዘር?"

በአስኮ ወርደው፣ አዲሱ ገበያን አልፈው ዳገቱን እስኪጀምሩ ድረስ ገርባ በወንዲ ላይ ማጉረምረሙን አልተወም። ጠጅቱ በሆዷ እየሳቀች ነበር። ፍርዱ አልቋል፤ ሁለቱ ተለያይተዋል፤ ሦስተኛው ምን ቢል ምንም አያመጣም።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳቋ ቆመ። አረንጓዴዋ በራች። እስከ ዛሬ የምትበራው ሲቆሙ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን እየሄዱ በራች፣ አልጠፋም አለች። ከኋላ ቀጭን የብረት ጩኸት መጣ፤ ባዶ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚነቀነቅ ያለ። ጠጅቱ ባሕር ዛፉ ሥር ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋች። ሚልኬሳ አንድ ነገር አስተምሯታል፤ ይህቺ መብራት በመንገድ ላይ ከበራች ማጥፋት ነው፤ ትንሽ ልሂድ ያለ ሰው ሞተሩን ይቀብራል።

የጭነት መኪና እያቃሰተ አለፋቸው። ጠጅቱ ገርባን አሸንፋለች፤ ቮልሷ ግን ስለ ፍርዱ አልሰማችም። በምላስ የተረታ ሰው ዝም ይላል፤ ዘይት ያጣ ብረት ግን እየተፋጨ ያልቃል። ነገ ቅቤው በምን ይወርዳል?

"አሸነፍሽ አይደል?" አለ ገርባ በመጨረሻ። "በይ እንግዲህ ንጂያታ።"

ጠጅቱ ቁልፉን ነቅላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ልጁን ነካክተሽ አስቆጣሽው እንጂ እሱ ከልቡ አልተናገረም። ኦቦ ያደታ ይህን ቢሰሙ ፍርዱን ያነሱታል። አሁን በአንድ ነገር እንስማማ። የሱሉልታው ኡበይድ ይቁረጥልን። እሱ አለቀ ካለ ቁልፉ የእኔ ነው። አላለቀም ካለ ዳግመኛ አልጠይቅሽም። ግን አንቺ ኡበይድ ፊት አንድ ቃል አትተነፍሺም።"

ጠጅቱ ኡበይድን አሰበችው። ገርባ እሱን የመረጠው በምክንያት ነው። ኡበይድ ዓምና ይህችኑ ቮልስ በሩቁ አይቶ "ይህቺማ ሙዚየም ትግባ" ብሎ አልነካም ብሏት ነበር። ያለ ምላሷ እሱ ፊት መቆም አደገኛ ነው። ግን የመኪናዋን በሽታ የሚያገኝላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ሱሉልታ ደግሞ ሌላ መካኒክ ቢኖር ገርባ አይቀበለውም። ከዚያም ገርባን አየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ዝም ማለት የሚያቅተው ሰው ነው።

"እሺ" አለች።

"በይ ማይልኝ።"

"ኦቦ ያደታ ይሙቱ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም።"

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁና በዝግታ፣ መብራቷን እያዩ፣ ቀሪውን መንገድ ጨረሱ።

ኡበይድ ግዙፍ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። "አካም ጅርቱ፣ አዴ" ብሎ ሰላም አላት። ጠጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ኮፈኑን ከፈተ።

"ማን ነው የነካት?"

ጠጅቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ገርባ ሰማይ ሰማይ አየ።

"ማን ነው የነካት እያልኩ ነው።"

"ማንም አልነካትም" አለ ገርባ። "ዝም ብለህ እያት።"

ኡበይድ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባ። "ይህች ብሎን ዛሬ ነው የተፈታችው። መፍቻ የነካው ቦታ ገና ያበራል። ማን እንደነካት ካልተነገረኝ እጄን አላስገባም።" እጁን ጠርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ገርባ ጠጅቱን አየ። ጠጅቱ መሐላ እንዳለባት ሰው በትሕትና ዝም አለች። ጥቂት ታገሠ፤ ከዚያ በላይ አልቻለም።

"አንድ የቡራዩ ልጅ ነው ጌጅ አስገባለሁ ብሎ የፈታት" አለ። "ልጁ ምንም አያውቅም፤ ፖምፓ ነው ይላል። የሰበታው ዛኪር ግን ትልቅ ሰው ነው። አንዴ አዳምጦ ብሮንዚን ነው፣ ሞተሩ አብቅቶለታል ብሎ ጨረሰው። አንተም ያንኑ ነው የምትለው።"

ጠጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ልትለው የምትፈልገውን ሁሉ ገርባ አለላት፤ ያውም እሷ ከምትለው አሳምሮ።

"ያንኑ ነው የምለው?" አለ ኡበይድ።

"ሌላ ምን ትላለህ?"

ኡበይድ ከወንበሩ ተነሳ። ጠጅቱ ፊቱን አይታ ነገሩን አወቀችው። ብሮንዚን ቢል የዛኪር ተማሪ ሊሆን ነው፤ ፖምፓ ቢል የቡራዩ ጎረምሳ ተከታይ። የቀረው ሁለቱ ያላዩት ቦታ መፈለግ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው። በጣቶቹ መሐል አሸው፣ አሸተተው፤ ቤንዚን አልገባበትም። ያቺን ትንሽ ብሎን ፈትቶ በሌላ ቀየራት፤ ሞተሩን ሲያስነሳ አረንጓዴዋ ያው በራች። ገርባ ጉሮሮውን ጠረገ። ኡበይድ አላየውም። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ሞተሩ ሥር ገባ፤ ከደረቱ በታች ብቻ ይታያል።

ጠጅቱ ወዲያ ወዲህ አለች። ምንም ባያገኝስ? ተሸንፎ ከሚወጣ "አልቋል" ብሎ ቢወጣ ይቀለዋል።

"ሳህን" አለ ድምፁ ከሥር።

ጠጅቱ ራሷ አቀበለችው። ከሥር ሰፊ አናት ያለው አንድ ብሎን እየጮኸ ተፈታ። ጥቂት ዘይት ሳህኑ ላይ ወረደ፤ አንዲት ሞላ ተከትላ ወደቀች። ከዚያ ሌላ ነገር አልወረደም።

"ከሞላዋ ጋር የምትወርድ አንዲት ቁራጭ ብረት አለች" አለ ኡበይድ። "አልወርድም ብላለች።"

"ምንድን ናት?" ገርባ ተጎነበሰ።

"በር ናት። ግፊቱ ሲበዛ ትከፈትና ዘይቱን ወደ ታች ትመልሳለች፤ ሲቀንስ ትዘጋለች። እንደተከፈተች ቆሽሻ ተጣብቃለች። ፖምፓው የገፋው ዘይት ወደ ላይ ሳይደርስ በዚህች ይመለሳል።"

በቀስታ እያንኳኳ፣ እያባበለ አወጣት። ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ በጥቁር ቅርፊት የተሸፈነች ነገር ናት። በላምባ አጠባት፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጎኗን አሸ፣ ቤቷንም ጠረገ፤ በጣቱ ሲገፋት እንደ ልቧ ወጣች ገባች። መልሶ ገጠማት፤ የጎደለውን ዘይት ሞላ። ሞተሩን አስነስቶ እንዲሞቅ ተወው።

ሦስቱም በመስኮቱ አጎንብሰው መብራቷን ጠበቁ። ሞተሩ ጋለ። አልበራችም። ኡበይድ ነዳጁን ቀነሰ። አልበራችም። ገርባ መስታወቷን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። አልበራችም።

"ብሮንዚን" አለ ኡበይድ ለራሱ። "ፖምፓ።" ምራቁን ተፋ። "ይህን የመሰለ ሞተር አለቀ የሚል ሰው እግዜርን አይፈራም።"

"ዓምና ሙዚየም ትግባ ብለህ አልነበር?" አለ ገርባ።

"ማን? እኔ?"

ማምሻውን ኦቦ ያደታ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። "ሦስት ሰው፣ ሦስት በሽታ" አሉ። "አንድ ቃል አልተገኘም። ገርባ፣ የመኪናዋን ነገር እዚህ ላይ ተወው።" ገርባ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ተነስተው፣ ሞተሯ ወደሚያጉረመርመው ቮልስ ሄደው በመስኮቱ አዩ።

"አረንጓዴዋ የት ሄደች?"

"ጠፋች፣ ኦቦ" አለች ጠጅቱ።

"ደኅና የነበረችውን አበላሻችኋት እንዴ?"

በማግስቱ ጠዋት ጠጅቱ ቅቤዋን ከፊት ጫነች። ገርባ ሰበታ የሚገባበትን ሚኒባስ እንዲይዝ አዲሱ ገበያ ድረስ ልታደርሰው ነው። ከሱሉልታ እንደወጡ መብራቷን ከማየት አላቆመም። ዳገቱ አናት ላይ ዳር ያዘችና ሞተሩን አጠፋች።

"ምን ሆነች?" አለ ገርባ በተስፋ።

"ምንም። አንተ ምን ሆነህ ነው ቤተሰብ ሙሉ ያወክኸው?"

ገርባ ወደ ባሕር ዛፎቹ አየ። "ሚልኬሳ አንድ ቀን እንኳ መሪ አላስያዘኝም" አለ። "ሁልጊዜ ከጎን ነው። ሁልጊዜ ካርታ ያዝ፣ መስኮት ዝጋ።"

ጠጅቱ ጥቂት አየችው። በሩን ከፍታ ወረደችና ዞራ በእሱ በኩል ቆመች። ቁልፉን ዘረጋችለት።

"እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ድረስ" አለች። "ቅቤ ጭኛለሁ፣ እንዳትጥለኝ።"

ገርባ መሪው ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን ከፈት አደረገ፤ አረንጓዴዋ ቦግ አለች።

"በራች" አለ። ደስታም ድንጋጤም ነበረበት።

"ሞተሩን አስነሳ፣ ዋርሳዬ። ሞተር ሳይነሳ መብራቷ ሁልጊዜ ትበራለች።"

አስነሳ። መብራቷ ጠፋች። ማርሹን ሲያስገባ ቮልሷ እንደ በሬ አጓራች፣ ዘለለች፣ ሞተሩ ጠፋ። እንደገና አስነሳ፤ እንደገና ዘለለች። ከፊት ቅቤው ተንከባለለ።

ጠጅቱ መቀመጫዋን ያዝ አድርጋ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከመካኒኮች የሰማችውን ጥያቄ በራሷ መንገድ ጠየቀች።

"መንዳት ማን ነው ያስተማረህ?"

ገርባ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ፊቱን እያየ ዝም አለ። ብዙ መቻል ግን አልፈጠረበትም።

"ዛኪር" አለ።

"ያስታውቃል" አለች ጠጅቱ።